የገጽ ዕቁብ

ባምላክ ሚስቱ ልትገድለው እንዳሰበች ያወቀው ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ የጉልበቱን ቅባት ሲፈልግ ነው።

ቅባቱ መሳቢያው ውስጥ አልነበረም። ቁም ሣጥኑን ከፍቶ የሚስቱን የማራማዊትን ጋቢ ሲያነሣ ከሥሩ በክር የታሰሩ ሰባት ወረቀቶች አገኘ። ዳቦ ቤት ዳቦ የሚጠቀልልባቸው ዓይነት ቡናማ ወረቀቶች ናቸው። በእርሳስ ተጽፎባቸዋል፤ ያውም በእጅ። ባምላክ የእጅ ጽሑፍ ለመጨረሻ ጊዜ ያየው ልጅ ሳለ፣ በአያቱ የመድኃኒት ማዘዣ ላይ ነበር። ፊደሎቹ አንዱ ያዘመመ፣ አንዱ ከመስመር የወረደ፣ አንዱ ከጎረቤቱ ጋር የተጋፋ ነው። በጣቱ እየተከተለ የመጀመሪያውን ገጽ ማንበብ ጀመረ።

«ባሌን የገደልሁት ማክሰኞ ቀን ነው። ማክሰኞን የመረጥሁት የሰፈሩ የውኃ ተራ ስለሆነ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ስለሚውል ነው።»

የእነሱ ሰፈር የውኃ ተራ ማክሰኞ ነው። ማክሰኞ ደግሞ ነገ ነው።

በባምላክ መፍረድ አይገባም። በሁለት ሺህ ሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት የኮምቦልቻ ሰው፣ እንደ ሌላው አገር ሰው ሁሉ፣ የሚያውቀው ጽሑፍ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሪፖርት ነው። ባምላክ በጭነት ባቡር ጣቢያ የዕቃ ተቆጣጣሪ ሆኖ ሠላሳ አራት ዓመት ሪፖርት ሲያስገባ ኖሯል። ስንት ኮንቴይነር ገባ፣ ስንቱ ወጣ፣ የስንቱ ማሸጊያ ተበጠሰ፤ ያልሆነ ነገር አይጻፍም። ሁለተኛው ሰው ሁሉ ባጭሩ «ልክ» የሚለው ነው። ማታ ማታ መነጽሩን ሲያደርግ የሚመጣለት፣ በእሱ ልክ የተሰፋ ንባብ ነው። የባምላክ ልክ ውስጥ ያለው ጀግና ሥልሳ አንድ ዓመቱ ነው፣ ኮንቴይነር ይቆጣጠራል፣ ጉልበቱን አያመውም፣ አለቃው ሲያየው ከመቀመጫው ይነሣል። ክፉው ሰው ሁልጊዜ ቀጭን ነው፤ ባምላክ ቀጫጭን ሰው አይወድማ። እንቅልፉ ሲመጣ ታሪኩ ያልቃል። ሊደብረው ሲል መድፍ ይተኮሳል። ስለዚህ ደብሮት አያውቅም።

በሪፖርት ውስጥ «እኔ» የሚለው ጻፊው ነው። በልክ ውስጥ «እኔ» የሚለው አንባቢው ነው። ከነዚህ ሌላ ሦስተኛ «እኔ» መኖሩን ባምላክ ሰምቶ አያውቅም። ባሌን ገደልሁ የሚለው ወረቀት ደግሞ የባምላክ ልክ ሊሆን አይችልም፤ ባል የለውም። የቀረው ሪፖርት መሆኑ ነው።

ሄዶ ማራማዊትን «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይችል ነበር የሚል አንባቢ አይጠፋም። አይችልም። ሰውን ምን አነበብክ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ የውስጥ ልብሱን ቀለም እንደ መጠየቅ ነው። በሠላሳ ሁለት ዓመት ትዳራቸው አንድም ቀን ተጠያይቀው አያውቁም። የእጅ ጽሑፏንም አይቶት አያውቅም። የጋብቻ ውላቸው ላይ የፈረሙት በአውራ ጣት ነው፤ ከዚያ ወዲያ የጻፉት ነገር የለም። ወረቀቶቹን ኮቱ ውስጥ ከተተና ቅባቱን ሳይቀባ ቀረ።

ማክሰኞ ጠዋት ቁርስ አልበላም አለ።

«ምን ሆነህ ነው?» አለችው ማራማዊት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ ከወጣች ሁለት ዓመቷ።

«ሆዴን ቆርጦኛል።»

«ታዲያ ዳማከሴ ላፍላልህ?»

«አልጠጣም!» አለና ከጩኸቱ እሱ ራሱ ደነገጠ። «ማለቴ… ዛሬ ውኃ ልትቀጂ አትወርጂም?»

«ተራችን አይደል? እወርዳለሁ እንጂ።» ቢላዋውን እንደያዘች ዘወር ብላ አየችው። «ዛሬ ደግሞ ምን ነክቶህ ነው ስለ ውኃ የምትጠይቀኝ?»

ባምላክ ኮቱን ይዞ ወጣ። በቀጥታ የሄደው ወደ ቀበሌ ነው።

የጸጥታ ክፍል ሠራተኛዋ ሶልያና የምትባል ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላት ልጅ ናት። ባምላክ ጉዳዩን ሲነግራት ፊቷ ላይ ምንም አልታየም፤ ብዙ ዓይነት ባልና ሚስት አይታለች።

«ማስረጃ አለዎት፣ አባባ?»

የመጀመሪያውን ወረቀት ጠረጴዛዋ ላይ አኖረላት። ፊደሎቹን ለማጉላት በሁለት ጣቷ ወደ ጎንና ጎን ገፋቻቸው። ጣቷ ላይ የእርሳስ ጥቀርሻ ቀረ። ጣቷን አየችው፣ አሸተተችው፣ ከዚያ ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበች።

«‹ገደልሁት› ነው የሚለው» አለች። «እርስዎ ሞተዋል እንዴ?»

«አልሞትኩም።»

«እሱንማ አያለሁ። እዚህ ግን ነገሩ ተፈጽሟል፤ በማግሥቱ ለጎረቤት ንፍሮ ቀቀልሁ ይላል። በሕይወት ያለ ሰው ስለ ራሱ ግድያ የሚያመለክትበት ቅጽ የለኝም።»

«ዛሬ የምታደርገውን አስቀድማ ጽፋው ቢሆንስ?»

«ያልሆነ ነገር ይጻፋል?» አለች ሶልያና። ባምላክ የቀሩትንም ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈላት። ሁለተኛውን ወረቀት አነሣች። ጥቂት ካነበበች በኋላ ቀና ብላ አየችው። «‹እኔ በቅሎ ነኝ› ይላል። ባለቤትዎ በቅሎ ናቸው?»

«ኧረ ሰው ናት! የጨርቃ ጨርቅ ጡረተኛ ናት!»

«እዚህ ‹ጀርባዬ ላይ በር ጭነውብኛል› ይላል።» ሦስተኛውን አነሣች። «‹ቦርከና ወንዝ ከወሰደኝ ሦስት ዓመቴ ነው። ከታች ሆኜ የማየው የሚሻገሩ ልጆችን የእግር መዳፍ ነው።› እኚህ ደግሞ የሞቱ ናቸው። ቤታችሁ ውስጥ ስንት ሰው ነው የሚኖረው?»

«ሁለት።»

ሶልያና ወረቀቶቹን ሰብስባ ወደ እሱ ገፋቻቸው። «አባባ፣ ሪፖርት ነው እንዳልል በቅሎ ሪፖርት አታስገባም። ልክ ነው እንዳልል እኔንም አይመስል፣ እርስዎንም አይመስል። የት እንደምመዘግበው አላውቅም። ሲሞቱ ይምጡ ልልዎትም አልችልም።»

ባምላክ ወረቀቶቹን ተቀብሎ በሩ ጋ ሲደርስ ጠራችው።

«አባባ!»

«አቤት?»

«በቅሎዋ… በሩን አደረሰችው?»

«አላነበብኩትም።»

«ሲያነቡት ቢነግሩኝ…» አለችና ፊቷ ቀላ። በሥራ ሰዓት፣ በመንግሥት ቢሮ፣ ሰውን ምን አነበብክ ማለቷ ነበርና። ባምላክም እንዳልሰማ ሆኖ ወጣ።

ጣቢያ ሲደርስ የረፋዱ ባቡር ዘግይቷል። አንድም ኮንቴይነር በሌለበት መድረክ ዳር ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። አንድ ነገር ወስኗል። ከሰባቱ አንዷ ማራማዊት ናት። የቷ እንደሆነች ማወቅ አለበት። ሠላሳ ሁለት ዓመት አብራው የኖረች ሴት ገዳይ ትሁን፣ በቅሎ ትሁን፣ ሙት ትሁን ሳያውቅ እንዴት ቤቱ ይገባል? ፊደሎቹ የሰባት ሰው ቢመስሉትም ይህን አላመነበትም፤ ሰባት ሰው ይህን ያህል ዕብድ ሊሆን አይችልም፣ በአንድ ከተማ።

በቅሎዋን አስቀደመ፤ ልጅቷ ስለጠየቀችው ብቻ።

በቅሎዋ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ዳገት ትወጣለች። ጀርባዋ ላይ የእንጨት በር ተጭኗል። ቤቱ ገና አልተሠራም፤ ጌታዋ ግን በር ካለ ቤት አይቀርም ብሎ ያምናል። ነፋስ በመጣ ቁጥር በሩ ይንገጫገጫል፤ በቅሎዋም አንድ ሰው ከጀርባዋ ሊገባ የሚያንኳኳ ይመስላትና ትቆማለች። ባምላክ እስከ ሥልሳ አንድ ዓመቱ በቅሎ ሆኖ አያውቅም፤ አሁን ግን ሆነ። የሆዱ መታጠቂያ ጠበቀው። ጌታዋ ሲመታት የባምላክ ጆሮ ጋለ። የሐሪጎ ዳገት ጫፍ ላይ ስትደርስ፣ ጌታዋ በሩን አውርዶ ሜዳው ላይ አቆመውና ከፍቶ ገባ፤ ወደ ምንም። በቅሎዋን «ግቢ» አላት። ገጹ እዚያ ላይ አለቀ።

ባቡሩ ገብቶ ነበር። ባምላክ አልሰማውም። ረዳቱ መጥቶ ትከሻውን ሲነካው ባምላክ «ገባች?» አለ።

«ማን?»

«ማንም» አለ ባምላክ። ሥራውን እንደምንም ጨረሰ።

በዚያ ምሽት መነጽሩን ሲያደርግ ልኩ ውስጥ በቅሎ ነበረች። እንዴት እንዳወቁት አልጠየቀም፤ ማንም አይጠይቅም። በቅሎዋ ሥልሳ አንድ ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን አያማትም፣ ጌታዋ ሲያያት ከመቀመጫው ይነሣል። ባምላክ ከጋብቻው በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ልኩን ሳይጨርስ መነጽሩን አወለቀ። ደብሮታል ማለት ይከብዳል፤ ቃሉን ስለማያውቀው «ራሴን አሞኛል» አለ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት እንዴት እንዳለፈ ቢጠየቅ አይነግራችሁም። ሰው ሆኖ ነው የዋለው ማለት ያስቸግራል። ረቡዕ የሁለት እኅትማማቾችን ገጽ አነበበ፤ በአንድ ሻርፕ ተጣልተው አርባ ዓመት ያልተነጋገሩ ናቸው። ጻፊው ፊደል አያውቅም፤ አንዱን ቃል ሦስት ቦታ ሦስት ዓይነት አድርጎ ጽፎታል። ባምላክ ግን ታናሽየዋ ላይ ደሙ ፈላ፤ ቀጥሎ ታላቅየዋ ላይ፤ በመጨረሻ ሁለቱንም የሚዳኝ አጥቶ መድረኩ ላይ ብቻውን ሲንጎራደድ ታየ። ሐሙስ ያነበበው አንድ ዓይነ ስውር የሚኒባስ ረዳቱን የሚጠይቀው ጥያቄ ብቻ ነው፤ የረዳቱ መልስ አልተጻፈም። ባምላክ ራሱ ጮክ ብሎ መመለስ ጀመረ። «አዎ፣ አባት፣ ወሎ ሰፈር አልፈናል» ሲል ከጎኑ የቆመ ሾፌር ፈቀቅ አለ። ስለ ልብስ ስፌት መኪና ድምፅ የተጻፈው ገጽ ምንም ሰው የለበትም። ሦስት ጊዜ አነበበው፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ።

እቤት ሲገባ ደግሞ ማራማዊትን ያያታል። ሻርፗን ስታስር፣ ታናሽየዋ እሷ ትሆን እንዴ ይላል። ከውኃ ቧንቧው ሥር ጎንበስ ስትል የሰመጠችው እሷ ትመስለዋለች። ሲኒ ስታቀብለው ጣቷን ያያል። ሠላሳ ሁለት ዓመት ከአንዲት ሴት ጋር የኖረ ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ ሰባት ሚስት አገኘ፤ አንዷ በቅሎ ናት። ፈራ፣ ግራ ገባው፣ ግን ውሸት ምን ያደርጋል፣ ደስም ብሎታል። ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ በጥድፊያ መራመድ ጀምሮ ነበር።

አንዲቱን ገጽ ብቻ አልጨረሳትም። ዓርብ ምሳ ሰዓት ላይ ጀመራት።

«ሰውየው በአሥራ ሁለት ሰዓት ይመጣል። ጫማውን በር ላይ ያወልቃል። መነጽሩን ያደርጋል። ሴትየዋ አንድ ቀን ለእራት ስትጠራው ስሙን ትታ ኃይሉ አለችው። መጥቶ በላ። በማግሥቱ ሽብሩ አለችው። መጥቶ በላ። ሐሙስ ቀን ‹ወይዘሮ ዘነቡ፣ እራት ቀርቧል› አለችው። ‹መጣሁ› አለ።»

ባምላክ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «ደነዝ!» አለ ለብቻው። ከዚያ ግን ገጹ ስለ ሰውየው ጫማ፣ ጫማው ስለሚቀመጥበት ቦታ ማውራት ጀመረ። የሚሞት የለም፤ የሚሰምጥ የለም። እንዲህ ያለውን ሰው ማን ይጽፈዋል? አዛጋውና አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማራማዊት «ዕቁብ አለብኝ» ብላ ወጣች። በየሳምንቱ ትላለች። ባምላክ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ተከተላት።

የገባችው ኢክራም የምትባል ልብስ ሰፊ ሱቅ ውስጥ ነው። ባምላክ በመጋረጃው ቀዳዳ አየ። በስፌት መኪናዎቹ መካከል ሰባት ሰው በዝቅተኛ የእንጨት ዱካ ላይ ተቀምጧል። የዕቁቡ ዳኛ ሐጂ ኑረዲን ናቸው፤ በሥጋ ቤታቸው ከተማው ሁሉ የሚያውቃቸው ሽማግሌ። አባላቱ ከማራማዊት በቀር ተራ በተራ እየተነሡ የታጠፈ ቡናማ ወረቀት ሣህኑ ላይ ያኖራሉ። ሳንቲም የሚባል ነገር የለም። ሐጂ ወረቀቶቹን በክር አሰሩ፤ ኢክራም ዕጣ የተጻፈበትን ቁራጭ ጨርቅ ከቆብ ውስጥ ልታወጣ እጇን ሰደደች።

ባምላክ መጋረጃውን ገለጠ። ያሰበው ሌላ ንግግር ነበር። ከአፉ የወጣው ግን «ባሏን የገደለችው ማናት?» የሚል ነው።

ሱቁ በሳቅ ተናጋ። አንዲት ወፍራም ሴት ከዱካዋ ልትወድቅ ደረሰች። ማራማዊት ብቻ አልሳቀችም፤ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ባሏን ታየዋለች።

«ግባ፣ ጋሽ ባምላክ» አለች ኢክራም እንባዋን እየጠረገች። «ማንም አልሞተ።»

«ጽፋችኋላ!»

«ጽፈናል» አሉ ሐጂ። «አልሞተም።»

«ታዲያ ውሸት ነው?»

«አስታግፊሩላህ! እኔ ሽበቴን ይዤ እዋሻለሁ?»

«እውነት ነው?»

«እውነትም አይደል።»

«ታዲያ ምንድን ነው፣ ሐጂ? አንድ ሳምንት ሙሉ ሠራተኛው ሁሉ አበደ ብሎኛል። በቅሎዋ ገባች አልገባች ብዬ ሥራ ፈታሁ። የሌለች በቅሎ!»

ሐጂ ዱካ ጠቆሙት፤ ተቀመጠ። «እይ፣ ወንድሜ» አሉት። «እኔ ሃምሳ ዓመት ሥጋ ስቆርጥ ኖርሁ። ማታ ማታ በልኬ ውስጥ ጀግናው ሥጋ ቆራጭ ነው፤ ሁሉ ያከብረኛል። አንድ ጊዜ መነጽሬ ተሰበረና ጠጋኙ ሦስት ሳምንት አቆየብኝ። በዚያ ሦስት ሳምንት ውስጥ አንዲት ሴት ጭንቅላቴ ውስጥ መጥታ ትናገር ጀመር። ወላሂ አላውቃትም። ከባሏ ጋር ተጣልታለች። ምን ላድርጋት? ዳቦ መጠቅለያ ላይ ጻፍኋት። ተገላገልሁ። ተገላገልሁ ብዬ ደግሞ ማግሥቱን ናፈቀችኝ።»

«እርስዎ ነዎት ገዳይዋ?»

«እሱ አይጠየቅም» አሉ ሐጂ ጣታቸውን አንሥተው። «የዕቁቡ ሕግ ነው። ስም አይጻፍም። በሳምንት አንድ ሰው አንድ ገጽ፣ ከወረቀቱ የተረፈ ለሚቀጥለው ሳምንት። ዕጣ የወጣለት ሰባቱን ይዞ ይሄዳል። የማን እንደሆነ ካወቅህ ሰውየውን ነው የምታነበው። ካላወቅህ…» የሚቀጥለውን ቃል ፈልገው አጡ።

«ካላወቅህ አንድ ሳምንት ሥራ ትፈታለህ» አለች ወፍራሟ ሴት።

«የሚገርመው» አለች ኢክራም፣ «እኔን የማይመስል ሰው ሳነብ ነው እንቅልፌ የሚጠፋው። መጻፍ ደግሞ ይብሳል! መስመሩ ሲመጣ እጄ ይሞቃል። አንዳንዴ ጨርቁን ትቼ መኪናው ላይ እጽፋለሁ፤ የደንበኛው ሱሪ እጅጌ አውጥቶ ይጠብቀዋል።»

ባምላክ ሰባቱንም ሰዎች አንድ በአንድ አያቸው። በቅሎዋ ከነዚህ አንዱ ናት። የሰመጠው ከነዚህ አንዱ ነው። ሁሉም ተራ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ጥርሱን ይጎረጉራል። ይህን ሁሉ የት አስቀምጠውት ነበር ብሎ አሰበ። ማራማዊትን ሲያይ ግን ሐሳቡ ተቆረጠ። ከሰባቱ የቷ እንደሆነች አሁንም አላወቀም።

ባልና ሚስት በቦርከና ድልድይ በኩል ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ፀሐይዋ አልጠለቀችም።

«ሰኞ ዕለት እንደወሰድካቸው አውቄያለሁ» አለች ማራማዊት።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«እስክትጨርስ ብዬ።» ጥቂት ከተራመዱ በኋላ «የቷን ወደድክ?» ስትል ጠየቀችው። ነውሩን በመንገድ መሐል፣ በቀን ብርሃን።

«በቅሎዋን» አለ ባምላክ ሳያመነታ። «አንቺ ነሽ የጻፍሻት?»

«አይደለሁም።»

ቅር አለው። «የሰመጠውን?»

«አይደለሁም።»

«ባልየውን የገደለችውን?»

«ብሆን ደስ ይለኝ ነበር» አለችና ፈገግ አለች። «ቆንጆ ገጽ ናት።»

«እኅትማማቾቹን? ዓይነ ስውሩን? የስፌት መኪናዋን?»

በእያንዳንዱ ራሷን ነቀነቀች። በጣቶቿ ትቆጥር ነበር። ስድስት ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ስድስት ነው ያልከው።»

«ሰባተኛዋማ…» አለ ባምላክ፤ እየሳቀ። «እሷን አልጨረስኳትም። ስለ አንድ ደነዝ ሰውዬ ናት። ሚስቱ በሌላ ሰው ስም ስትጠራው አቤት እያለ የሚመጣ። ሳቅ ገደለኝ፤ ከዚያ ግን ስለ ጫማ ማውራት…»

ማራማዊት ወደ ወንዙ እያየች ነበር።

ባምላክ ሳቁን ጨርሶ አልዘጋውም ነበር፤ ፊቱ ላይ እንደቀረ ቆመ። በአሥራ ሁለት ሰዓት ይመጣል። ጫማውን በር ላይ ያወልቃል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየምሽቱ ስለ ራሱ ብቻ ሲያነብ የኖረ ሰው ነው፤ ራሱን ሲያገኘው አላወቀውም። ባለፈው ሳምንት ለእራት ስትጠራው ምን ብላ እንደጠራችው ሊያስታውስ ሞከረ። ሰኞ? ማክሰኞ? ረቡዕ? ድምፅዋ ትዝ ይለዋል። ስሙ ግን ትዝ አላለውም።

«ማራ…»

«እንሂድ» አለች። «የሳምንቱን ገጼን አልጀመርኩም።»

ቤት ሲገቡ እሷ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠች፤ እርሳሷን በቢላዋ ቀረጸች። ባምላክ ኮቱን ሳያወልቅ መስኮቱ ሥር ቆሞ የታጠፈችውን ገጽ ከኪሱ አወጣ። ፊደሎቹ ክብ ክብ ናቸው፤ መጨረሻቸው ላይ ትንሽ ወደ ላይ ይቀናሉ። የእሷ መሆናቸው ነው። ለሠላሳ ሁለት ዓመት ያላያቸው። ካቆመበት መስመር ጀመረ።

«ሴትየዋ አሥራ አንድ ስም ጨረሰች። ሰውየውን ለመቅጣት አይደለም። እውነተኛ ስሙ ቆንጆ ስም ነው፤ ልታባክነው አልፈለገችም። ድሮ፣ ሳይጋቡ፣ የፋብሪካው በር ላይ ቆማ በዚያ ስም ስትጠራው ከመንገዱ ማዶ እየሮጠ ይመጣ ነበር፤ መኪና ሊገጨው እስኪደርስ። በዚያ ስም ጠርታው ባይሰማት የት ትገባለች? ስለዚህ በሰው ስም ትጠራዋለች፤ ኃይሉ ባይሰማ ኃይሉ ነው ያልሰማው። ቅዳሜ ቀን ግን ደከማት። ልብሷን በሻንጣ አደረገች። ሰውየው መነጽሩን አድርጎ ተቀምጧል። በሩ ላይ ቆመችና ወሰነች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በራሱ ስም ትጠራዋለች። ቀና ካለ ትቀራለች። ካላለ ትሄዳለች። ሻንጣውን ወደ ግራ እጇ አዛወረች። አፏን ከፈተችና»

ወረቀቱ እዚያ ላይ አልቋል። ባምላክ ገለበጠው፤ በጀርባው የዳቦ ቤቱ ማኅተም ብቻ ነው ያለው። ሌሎቹን ስድስት ገጾች አገላበጠ፤ ቀጣይ የለም።

ማራማዊት ጠረጴዛው ላይ አጎንብሳለች። አዲሱ ወረቀት ፊቷ ተዘርግቷል፤ የእርሳሱ ጫፍ ነክቶታል፤ አልተንቀሳቀሰም።

«ማራ» አላት። «ጠራችው?»

«ገና አልጻፍኩትም» አለች፤ ቀና ሳትል።